ደሙ ከጠራ በኋላ

የብርጓል የምትባል ወጣት ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ደም ባንክ ውስጥ ነርስ ነበረች። ደም ከመቅዳት ሌላ ማንም የማይወደው ሥራ ለእሷ ተጥሎላት ነበር፤ የሰጡት ደም ሲመረመር ችግር የተገኘባቸውን ሰዎች በስልክ መጥራት። በስልክ ምንም አትናገርም። «ሲመችዎ አንድ ጊዜ ብቅ ይበሉልን» ትላለች፤ ሰውየው ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእሷና የሰውየው ጣጣ ነው።

ዲያቆን ገዳሙም እንዲሁ ተጠርቶ መጣ። ጊዜው 2009 ዓ.ም.፣ ወርኃ ጥቅምት ነበር። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ምስጋና ሊቀበል የመጣ ሰው መስሎ ፈገግ እያለ ገባ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ልትሞት ነው ሲባል ሰምቶ፣ ዜማ ከሚያስተምርበት ጉባኤ ተነሥቶ እየሮጠ መጥቶ ደም ሰጥቶ ነበር።

«ወላዷ ተረፈች?» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ተርፋለች። በእርስዎ ደም ግን አይደለም።»

እንዲህ ደርቃ መናገር አልነበረባትም። የብርጓል ሲጨንቃት ትደርቃለች፤ ይህ የቆየ አመሏ ነው።

«የእኔው ምን ሆነ?»

«የጉበት ቫይረስ ተገኘበት። ሄፓታይተስ ሲ ይሉታል። ስለዚህ ለማንም አልሰጠነውም።»

እዚያ ወንበር ላይ የሚያለቅስ አይታለች፤ የሚቆጣ፣ «ተሳስታችኋል» ብሎ ጠረጴዛ የሚመታም አይታለች። ይኼኛው ግን ጥቂት አቀርቅሮ ቆየና ቀና ብሎ ዓይኗን አያት።

«እንኳንም አልሰጣችኋት» አለ። «ጨቅላ አላት።»

በኋላ ጓደኞቿ «መቼ ነው የወደድሽው?» እያሉ ሲያደርቋት «እኔ እንጃ» ትል ነበር። ውሸቷን ነው። ያኔ ነው።

«ከየት መጣብኝ?» ሲል ጠየቃት።

«ራስዎን የሚላጩት በምንድን ነው?»

«በምላጭ ነዋ።»

«የራስዎ ምላጭ ነው?»

ሳቀ። «የቆሎ ተማሪ የራሱ ምላጭ ሊኖረው? ደብረ ወርቅ ስንማር ለጉባኤው ሁሉ አንድ ምላጭ ነበረች። የበዓል ዋዜማ ሲሆን በተራ እንቀመጣለን፤ እሷው አንዱን ላጭታ ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ ደም ታወጣለች፣ በአመድ እንጠርጋታለን...» ንግግሩን ሳይጨርስ ሳቁ ጠፋ። «አሁንም እኔ የማስተምራቸው እንዲሁ ነው የሚላጩት።»

በማግስቱ ተማሪዎቹን በሙሉ አስከትሎ መጣ። ቫይረሱ ጥቂቶቹ ላይ ተገኘ፤ ጉበታቸው ገና አልተነካም ነበርና አዲሱን ክኒን ወስደው ፈጽመው ዳኑ። ለገዳሙ ግን እንዲህ የቀለለ አልሆነለትም። አልትራሳውንድ ሲነሣ ጉበቱ ላይ ዕጢ ታየ።

አዲስ አበባ ድረስ አባቱ ቄስ ገብረ ኪዳን አብረውት ሄዱ። የሆስፒታል ወረፋና ደጅ ጥናት የምታውቅ ሰው ታስፈልጋለች ተብሎ የብርጓልም አብራ ሄደች። ታስፈልጋለች ያለው ገዳሙ ራሱ ነው፤ እሷም ምክንያቱ ወረፋ ብቻ እንዳልሆነ ገብቷታል፤ ግን አላጣራችም።

ዕጢው ትንሽ ነበርና ቆርጠው አወጡት። ቁስሉ ሲጠግግ ዶክተር መሳፍንት ሦስቱንም አስቀምጦ እንዲህ አለ፦

«ያለብህ ሁለት ነገር ነው፤ ቫይረሱና ካንሰሩ። ካንሰሩን የወለደው ቫይረሱ ነው። አንዴ ከተወለደ በኋላ ግን ወላጁን አይፈልግም፤ ብቻውን ይኖራል። ዕጢውን ቆርጠን አውጥተናል። ቫይረሱን ደግሞ በክኒን እናጠፋዋለን፤ ያን ጊዜ የቀረው ጉበትህ እረፍት ያገኛል። ክኒኑ ግን የካንሰር መድኃኒት አይደለም። ካንሰሩ ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ በየሦስት ወሩ እየመጣህ በአልትራሳውንድ ትታያለህ። ቃል ግባልኝ።»

«በቃሌ እገኛለሁ» አለ ገዳሙ።

ቄስ ገብረ ኪዳን ከዚህ ሁሉ ንግግር «ቫይረሱን እናጠፋዋለን» የሚለውን ይዘው ወጡ። አይፈረድባቸውም። አባት ናቸው።

ገዳሙ ክኒኑን የጀመረው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። ከቅዳሴ ወጥቶ እህል ሲቀምስ ይውጣት ነበር፤ የብርጓልም በየቀኑ በዚያች ሰዓት ትደውልለታለች።

«ወሰዱ?»

«ወሰድኩ።»

አንድ ቀን «ወሰዱ?» ስትለው አልመለሰላትም።

«ምነው? ዘነጉት እንዴ?»

«ኧረ አልዘነጋሁም። ‹ወሰዱ› ስትይኝ አባቴን የምትጠይቂ እየመሰለኝ ነው። አንተ ብትይኝ ምን ይልሻል?»

ስልኩ ላይ ትንፋሹ ይሰማታል።

«ወሰድክ?» አለች ቀስ ብላ።

«ወሰድኩ» አለ። ከዚያ ሁለቱም ስልኩን መዝጋት አቃታቸው።

ሌላው ሰው እወድሃለሁ፣ እወድሻለሁ የሚባባለውን እነሱ «ወሰድክ?»፣ «ወሰድኩ» ይባባሉ ነበር። ክኒኑ ካለቀ በኋላም አልተዉትም።

ሐምሌ ላይ ደሙ ተመረመረ። ቫይረሱ አልተገኘም። ይህን የነገረችው የብርጓል ናት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ ላይ ውጤት ተናገረች፤ ተናግራም አለቀሰች።

ሮብ ገበያ አካባቢ ያለው የወላጆቹ ቀዬ በደስታ ተገለበጠ። እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት የተሳሉትን የሐር ጃንጥላ ለደብሩ አስገቡ። ቄስ ገብረ ኪዳን አውደ ምሕረት ላይ ቆመው «ልጄን ከሞት አወጣልኝ» ብለው አመሰገኑ፤ ምእመኑ እልል አለ። ብዙም ሳይቆይ ይጁቤ ወደሚኖሩት የየብርጓል ወላጆች ሽማግሌ ተላከ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ፤ በተክሊልና በቁርባን፤ ከዚያም ገዳሙ ይቀስሳል፤ አባቱ ባገለገሉበት መቅደስ ይተካል። ይህ ከልጅነቱ ጀምሮ የታሰበለት ነው፤ እሱም ከዚህ ሌላ የተመኘው ነገር አልነበረም፤ የብርጓል እስክትመጣ ድረስ።

ኅዳር ሲገባ የብርጓል ለሠርጉ ዝግጅት ብላ ሮብ ገበያ ሄዳ ነበር። ግቢው ውስጥ ገብስ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ከገዳሙ ጋር አጥሩ ሥር ቆመው ሳሉ፣

«አልትራሳውንዱን መቼ ታየኸው?» አለችው።

ዓይኑን ወደ ገብሱ መለሰ።

«ገዳሙ!»

«ስለቱ ከገባ ወዲህ አልሄድኩም። እናቴ ስለቷን አግብታለች፤ አባቴ በሕዝብ ፊት አመስግነዋል። አሁን ተመልሼ ልመርመር ብል ‹ያወጣኸኝን አላመንኩህም› ማለት ነው ይላሉ። ፈጣሪን መፈታተን ነው ይላሉ።»

«እነሱ ይበሉ። አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ...» አለ፤ ከዚያም እንደ ልጅ ሳቅ አለ። «እኔ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ የብርጓል። ትንሽ ልቆይበት ብዬ ነው።»

ጨነቃት፤ ስለ ጨነቃትም ደረቀች።

«ሳትታይ ተክሊል አልገባም» አለች ጮክ ብላ።

ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ከጓዳ ሰምተው ኖሮ ብቅ አሉ። «አንች ልጅ፣ እግዚአብሔር የሰጠንን በሚዛን ልታስቀምጭው ነው? በሽተኛ አላገባም በይና ቁርጡን እንወቀው!»

«እማማ፣ እንዲያ አላልኩም...»

«ብለሻል። ሰምቻለሁ።»

ያን ቀን የብርጓል ምሳ ሳትቀምስ ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ማርቆስ ተመለሰች። ገዳሙ መንገድ ድረስ ሸኛት።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። ትደውላለች፤ አያነሣም። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሽማግሌዎቹ ይጁቤ ተመልሰው ሠርጉ ቀርቷል አሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ «ልጁ ነው የተወው» ከማለት በቀር የሚያውቁት አልነበራቸውም።

የብርጓል አፏን ረገመች። ያቺ አንዲት ቃል አስቀይማው እንጂ ሌላ ምን ይኖራል? ይቅርታ ልትለው፣ ሳይታይም ቢሆን ላግባህ ልትለው፣ ሥራ አስፈቅዳ ሄደች።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ የጮቄ ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት ሜዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው። ከስቷል። ስታየው ተነሣ፤ ሲነሣ ጎኑን ያዘ። ነርስ ናትና ያቺ እጁ ጎኑ ላይ ማረፏ በቃት።

ይቅርታዋ አፏ ውስጥ ቀረ።

«ሄደህ ታየህ» አለች።

«ታየሁ። አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። አንች ሳትታይ አልገባም አልሽ አይደል? እንግዲህ ታይቼ እኮራብሻለሁ ብዬ ሄድኩ።»

«ምን አሉህ?»

«ደምህ ጥርት ያለ ነው አሉኝ። ቫይረሱ የለም። ካንሰሩ ግን ተመልሷል። ብዙ ቦታ ነው፤ የደም ሥሩም ውስጥ ገብቷል። መቁረጥ አይቻልም አለ ዶክተር መሳፍንት። ከጥቂት ወር በፊት ብትመጣ ኖሮ ሊል ፈልጎ ነበር መሰለኝ፤ አልተናገረውም። ጥሩ ሰው ነው።»

የብርጓል መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ንፋሱ ነጠላዋን ይገፍፈዋል፤ መያዝ አቃታት። ገዳሙ ጎንበስ ብሎ ነጠላዋን ሰበሰበላትና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ታዲያ ሠርጉን ለምን ከለከልከኝ?» አለች። «ልትሞት ከሆነማ ለምን ከለከልከኝ?»

«ስለምሞት ነዋ። አንች የዲያቆን ሚስት ምን እንደምትሆን ታውቂያለሽ? በተክሊል ከገባሽ ባልሽ ቢሞትም ሌላ ባል የለም። ቆብ ትደፊያለሽ። የአገሩ ሥርዓት ይኸው ነው። ለጥቂት ወር ብዬ ዕድሜሽን ሙሉ ልሰርሽ?»

«እሰር! እኔ መች አቤት አልኩ?»

«እኔ አቤት እላለሁ» አለ። «አንድ መንገድ ግን አለ። በሰማንያ እንጋባ።»

የብርጓል ደነገጠች። ሰማንያ በሽማግሌ ፊት፣ በውል የሚደረግ ጋብቻ ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ነጻ ናት፤ ማንም አይወቅሳትም። ነገር ግን ዲያቆን በሰማንያ ካገባ ክህነቱ ይፈርሳል። ከዚያን ቀን ጀምሮ መቅደስ አይገባም።

«አብደሃል» አለችው። «ከልጅነትህ ጀምሮ እየለመንክ የተማርከውን? አላደርገውም። አባትህስ?»

«የብርጓል» አለ። «እኔ አሁን የምሰጥሽ ምን አለኝ? ቤት አልሠራልሽ፣ ልጅ አልወልድልሽ፣ አብሬሽ አላረጅ። ያለኝ ይኼ ብቻ ነው። እሱንም እምቢ ብለሽ ባዶ እጄን አትስደጂኝ።»

ፊቱን አየችው። እምቢ ልትል አፏን ከፈተች፤ አልቻለችም።

ለቄስ ገብረ ኪዳን የነገሯቸው አብረው ነው። ሽማግሌው ሰምተው ሲያበቁ የልጃቸውን ፊት እንጂ የእሷን አላዩም።

«መቅደሱን ትተህ?»

«አባ፣ መቅደሱን እንደሆነ መተዌ አይቀርም፤ እየሄድኩ ነው። እሷ ግን ትቀራለች።»

ቄስ ገብረ ኪዳን ተነሥተው ወጡ። ማታ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። ሰማንያው ሲፈረም ግን መጥተው ተቀመጡ፤ ከምስክሮቹም አንዱ ሆኑ። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት የብርጓልን አንገቷ ሥር ገብተው «ልጄ፣ ያልኩሽን ይቅር በይኝ» እያሉ አለቀሱ። ከበሮ አልተመታም። ጥር ነበርና ከየአቅጣጫው የሌሎች ሰዎች ሠርግ ጭፈራ ይሰማ ነበር።

በቀጣዩ እሑድ አብረው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ገዳሙ እንደ ማንኛውም ምእመን ከወንዶች ጋር ቆመ። የብርጓል ከሴቶች በኩል ሆና ዓይኗን ከእሱ መንቀል አልቻለችም። መጋረጃው ውስጥ ዲያቆኑ ሕዝቡን ለጸሎት ሲያስነሣ የገዳሙ ከንፈር ተከፈተ፤ ስንት ዓመት ያን ቃል የሚለው እሱ ነበር። ተከፍቶ ተዘጋ። ከዚያ ከሕዝቡ ጋር መለሰ።

ቤታቸው ማርቆስ፣ የብርጓል የተከራየቻት አንዲት ክፍል ነበረች። ጥቂት ደስታ አላጡም። ምግብ ሲሠራ ያቃጥላል፤ እሷ ስትስቅበት «በቆሎ ተማሪ ቤት ሽሮ የሚያሳርር አይገረፍም» ይላታል። ማታ ማታ ዜማ ሊያስተምራት ይሞክራል፤ ድምፅ የላትም፤ ሁለቱም በሳቅ ይሞታሉ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ግን ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሆዱ ውኃ ቋጠረ፤ ዜማውም ትንፋሽ አጠረው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እግሩን እያሸችለት ሳለ ጠየቃት።

«ደሜ አሁንም ንጹሕ ነው?»

«ንጹሕ ነው። ባለፈውም አይቼዋለሁ።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው፤ ንጹሕ ደም ይዞ መሞት።» ፈገግ ሊል ሞከረ። «እንግዲያ ክኒኑ በከንቱ ነበራ?»

«ክኒኑ ባይኖር ጉበትህ ቀድሞ ይደክም ነበር። ይችን ዓመት እሱ ነው የሰጠን።»

«እውነትሽን ነው?»

ነርስ ናት፤ ስንቱን አጽናንታለች። ለእሱ ግን መዋሸት አልፈለገችም።

«አላውቅም፣ ገዳሙ» አለች። «እንዲያ ቢሆን ብዬ ነው።»

«ይሁን» አለና እጇን ይዞ ደረቱ ላይ አኖረው።

ሰኔ ሳይገባ ሞተ። የሮብ ገበያ ዝናብ ጀምሮ ነበርና በጭቃ ነው የተቀበረው። አስከሬኑ እንደ ካህን ሳይሆን እንደ ማንኛውም ምእመን ተገነዘ፤ ጸሎተ ፍትሐቱን አባቱ ራሳቸው አደረሱለት፤ ድምፃቸው አልተሰበረም። የተሰበረው ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው። የብርጓል በሚስት ቦታ ተቀምጣ አለቀሰች። ቢያንስ እሱን ማንም አልከለከላትም።

ሁለት ዓመት አለፈ። በአንድ የታኅሣሥ ጠዋት ቄስ ገብረ ኪዳን ሳይነግሯት ማርቆስ መጡ። ተቀመጡ፤ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፤ እንደገና አስተካከሉ። የመጡበት ጉዳይ እየከበዳቸው እንደሆነ ያስታውቃል።

«ልጄ፣ ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት» አሉ። «አንድ ሰው አለ። መምህር ነው፤ ደግ ሰው ነው፤ ቤተሰቡን አውቀዋለሁ። ገዳሙ ሊሞት ሲል አስምሎኛል። ‹ደህና ሰው ካገኙ እርስዎ ራስዎ ይሂዱላት፤ እርስዎ ካልሄዱ አታምንም› ብሎኛል። ይኸው መጥቻለሁ። ነጻ ነሽ። ማንም የሚወቅስሽ የለም፤ እናቱም እኔም እንመርቅሻለን።»

የብርጓል እስኪጨርሱ ሰማቻቸው። ሰውየውንም ታውቀዋለች፤ እውነትም ደግ ሰው ነው።

«አባ፣ አልችልም» አለች።

«ለምን? ሐዘን ያልፋል።»

«ሐዘን አይደለም። ሞክሬአለሁ። ሌላ ሰው አጠገብ ራሴን ላስብ ሞክሬ ነበር፤ ስለ እሱ ብዬ፣ ያደረገው ነገር ከንቱ እንዳይቀር ብዬ ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም። እኔ ሌላ ሰው አላገባም።»

ቄስ ገብረ ኪዳን ቀና ብለው አዩአት። ፊታቸው ላይ ደስታ ብልጭ አለ፤ የልጃቸው ሚስት የልጃቸው ሆና ልትቀር ነው። ደስ ስላላቸው ደግሞ አፈሩና አቀረቀሩ።

የብርጓል አየቻቸው። አይታም፣ ከቀብሩ ቀን ወዲህ ሲያንቃት የኖረው ነገር ያኔ ወጣላት።

«አባ» አለች፤ «ታዲያ በተክሊሉ ብንጋባ ኖሮ ምን ይጎድልብኝ ነበር? በመቅደሱ እንዳለ ይሞት አልነበረም? ምን ሊረባኝ መቅደሱን ነጠቅሁት?»

ሽማግሌው ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስንቱን ሐዘንተኛ ሲያጽናኑ ኖረዋል፤ ከዚህች ጋር ግን አብረው አለቀሱ።